የስቅለት ዕለት መዶሻ

ዊልሞት ክርስቲያን ሲናደድ አይጮህም። ግራ ጉንጩን ከውስጥ ይነክስና የሚሠራው ሥራ ይፈልጋል። ዕድሜ ልኩን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ከኋላው የሚንጫጩትን ልጆች አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶ አያውቅም ይባላል። እውነት ነው፣ አልተቆጣም፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ያልተበላሸ በር ፈትቶ እንደገና ይገጥም ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ንዴቱን የሚያውልበት አንድ ነገር ቀረው፤ የፋሲካ ካምፕ።

በካሪቢያኗ ደሴት በሴንት ክሮይ ፋሲካን ቤቱ የሚያሳልፍ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከዘመድ ተጣልቷል። ሌላው ሁሉ ፍሪጁን፣ ምድጃውን፣ አልጋውንና አሮጊቷን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። የዊልሞት ቤተሰብ ቦታ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ በደሴቲቱ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከትልቁ የባሕር ወይን ዛፍ ሥር ነው። እዚያ የሚሠራውን ነገር ድንኳን ማለት ስድብ ይሆናል። ምሰሶ ይተክላል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ማድ ቤት ይለያል፣ በረንዳ ያወጣል። በረንዳው ላይ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል፣ ያልመጣውን ሰው ያማል፣ ሲመሽ እንቅልፍ ይወስደዋል። ለዊልሞት ካምፕ ማለት ይኸው ነበር። ሰው የማይገባበትን ካምፕ እስር ቤት ይለዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ተጣመመ። ሚስቱን ዩላሊን ከገና በፊት ስትሮክ መታትና ግራ ጎኗ ከዳት። አፏ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም እጇ የተወውን ሥራ ምላሷ የተረከበ ይመስላል። ካምፕ እንሂድ እያለ ሲለምናት ሰነበተ። በመጨረሻ እሺ ያለችው በአንድ ነገር ነው።

«ሰው ፊት እንደ ጆንያ እንዳትሸከመኝ» አለችው። «ከአልጋዬ በራሴ እግር የምነሣ ከሆነ እመጣለሁ። ካልሆነ ከግድግዳዬ ጋር ተወኝ።»

ዊልሞት ማለላት። ቤት ካለው አልጋዋ ላይ በደኅናው እግሯ ተደግፋ ብቻዋን ትነሣ ነበርና፣ የዚያን አልጋ ቁመት በገመድ ለክቶ ረቡዕ ዕለት አራት ጠንካራ የአልጋ እግርና ማዕቀፉን ከሸራው ሥር አሸዋው ውስጥ ተከለ። የቀረው ከላይ የሚነጠፈው ጣውላ ብቻ ነበር። እሱን ልጁ ኬንሪክ ሐሙስ ጠዋት በፒክአፑ እንዲያመጣ ተነጋገሩ።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ቀልድ የለበትም። በዚያ ባሕር ዳር ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ መዶሻ ይቀመጣል። ጌታ በተቸነከረበት ዕለት ምስማር የሚመታ ክርስቲያን የለም። በዚያው ዕለት ባሕር ውስጥም አይገባም፤ የገባ ዓሣ ሆኖ ይቀራል ይባላል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ባሕር ዳሩ በመዶሻ ድምፅ ይደነቁራል፤ ሁሉም ያልጨረሳትን ለመጨረስ ይጣደፋል።

ኬንሪክ የደረሰው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ፒክአፑ ከኋላው ነጭ ተጎታች ቤት እየጎተተ ነበር፤ መስኮት ያለው፣ ደረጃ ያለው፣ ጣሪያው ላይ ኤሲ የሚያጓራ። ጣውላ የሚባል ነገር የለም።

«ጣውላው የት አለ?» አለ ዊልሞት።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ግባና እየው። ለእማዬ ነው የተከራየሁት። ፍራሹ ለስላሳ ነው፣ ትንኝ የለ፣ አሸዋ የለ፣ ሻወሩ እዚያው በአፍንጫዋ ሥር...»

«ጣውላው፣ ኬንሪክ።»

«ቤት ተውኩት። ይሄ እያለ ጣውላ ምን ያደርጋል?»

«በደረጃው እንዴት ትወጣለች?»

ኬንሪክ ደረጃውን ገና ያን ጊዜ ያየው ይመስል ዞር ብሎ አየ። «እንይዛታለን። እኔና አንተ ብድግ ማድረግ ነው እኮ። አንድ ጊዜ ከገባች በሩን ዘግታ፣ ቀዝቀዝ ብሏት፣ ማንም ሳይረብሻት...»

«እናትህ ማንም ሳይረብሻት የምትኖረው መቃብር ስትገባ ነው» አለና ጉንጩን ነከሰ። ልጁ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሰድበው ነበር፤ ደግ ሆኖ የሚያጠፋ ሰው ግን ምን ይደረጋል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ተጎታቹን እዚያው ፈትቶ ጣውላውን እንዲያመጣ ወደ ቤት መለሰው።

የኬንሪክ ታናሽ እህት ማርቫ ደግሞ በሌላ በኩል ደረሰች። አንድ ቦርሳ በጀርባዋ፣ ሌላ ምንም። ከቦርሳው የገመድ አልጋ መዝዛ በሁለት ዛፎች መካከል ዘረጋችውና ተጋደመችበት። ካምፑ አለቀ።

«ይሄ ነው ካምፕሽ?» አለ አባቷ። «ሸረሪት እንኳ ከዚህ የተሻለ ትሠራለች።»

«ሸረሪት ግን እንዳንተ ስትነጫነጭ አትውልም። እኔ ማታ ኮከቤን አያለሁ፣ ጠዋት ፀሐይን ከሁሉም ቀድሜ አያለሁ፣ ሰኞ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። አንተ ሰኞ ታፈርሳለህ፣ ማክሰኞ ትጭናለህ፣ ረቡዕ ወገቤን እሹኝ ትላለህ።»

«ዓሣውንስ ማን ይጠብሳል?»

«የጠበሰ ሰው። እኔ እንግዳ ነኝ፣ በረንዳህ ላይ መጥቼ እበላለሁ።»

ጠዋት ከዊልሞት ጋር መጥታ ከሸራው ሥር ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችው ዩላሊ ሳቀች። ማርቫም ተበረታትታ «እማዬ፣ እዚህ ላይ ትተኛለሽ?» አለቻት። «ከዚያ ማን ሊያወጣኝ? የወደብ ክሬን?» አለች ዩላሊ።

መንገዱ ፍሪጅና ጄኔሬተር በጫነ መኪና ተጨናንቆ ኖሮ ኬንሪክ የተመለሰው ፀሐይዋ ከኋላ ያለውን ኮረብታ ስትነካ ነው። ዊልሞት ምስማሩን አፉ ውስጥ፣ መዶሻውን እጁ ላይ ይዞ ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያውን ጣውላ ማዕቀፉ ላይ አስተካክሎ እጁን ሲያነሣ ከጎረቤት ካምፕ ሚስ ኢንገር ተጣሩ። ሚስ ኢንገር የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናቸው፤ የባሕር ዳሩን ሕግ ቄሱ እንኳ እሳቸውን ይጠይቃል።

«ሚስተር ዊልሞት፣ ጠልቃለች።»

ዞሮ አየ። ጠልቃለች። ምስማሩን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ።

በዚያ ምሽት ዩላሊን ወደ ተጎታቹ ቤት አወጧት። ኬንሪክ በብብቷ፣ ዊልሞት በእግሯ ያዙ። ደረጃው ጠባብ ስለነበር በጎን አዞሯት፣ ቀሚሷ በሩ ላይ ተያዘና እስኪላቀቅ ድረስ አየር ላይ ቆዩ። የሚስ ኢንገር ካምፕ በሙሉ የማያይ መስሎ አየ። ዩላሊ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዊልሞት ከባዶው ማዕቀፍ አጠገብ ወንበር ላይ አደረ። ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ባሕሩን እንኳ አላሰማውም።

ጠዋት እንደዚያው አድርገው አወረዷት። ዊልሞትን «ሰው ፊት እንዳትሸከመኝ ብዬህ ነበር» እንኳ አላለችውም፤ ብትል ይሻለው ነበር። ወደ ቤት መልሱኝ ብቻ አለች።

ዊልሞት ይህን ሲሰማ ማሰብ አቆመ። ሄዶ መዶሻውን አነሣ።

ባሕር ዳሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ልጆች አሸዋው ላይ ተቀምጠው የማይገቡበትን ውኃ ያያሉ፣ የዓሣ መጥበሻ ይንጫጫል፣ ከአንድ ራዲዮ ቀስ ያለ መዝሙር ይመጣል። የመጀመሪያው ምት ሲሰማ ራዲዮው ተዘጋ። በሁለተኛው ሰው ከየድንኳኑ ብቅ አለ። ማርቫ ከገመድ አልጋዋ ዘላ ወረደች።

«አባዬ፣ ምን ነካህ? ስቅለት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እየሰሙህ ነው።»

«ይስሙ። ትናንት ሲያዩ አልነበር?»

መታ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ በራሱ፣ በኬንሪክ፣ በደረጃው፣ በስትሮኩ፣ ቸኩላ በጠለቀችው ፀሐይ ላይ እየተናደደ መታ። ጨርሶ ከቤት የመጣውን ፍራሽ ዘረጋበት፣ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረው። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የዩላሊን ወንበር እየገፋ አመጣትና አጠገቡ አቆማት። ቁመቱ ልክ ነበር።

«ይኸውልሽ» አለ። «በራስሽ እግር።»

ዩላሊ አልጋውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ዊልሞት ደስ ያላት መስሎት ሊያቅፋት ጎንበስ አለ።

«ዊሊ» አለች፣ «ዛሬ በተመታ ምስማር ላይ ጎኔን አላሳርፍም።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የከፋኝ። በእኔ ስም መታኸው።»

ዊልሞት መዶሻውን እንደያዘ ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ጉንጩን ነክሶ አያውቅም። ኬንሪክ መሬት መሬት ያያል። ሚስ ኢንገር ደግሞ በበትራቸው እየተመረኮዙ እስከ በረንዳው መጥተዋል።

«እሺ ልንቀለው?» አለ ዊልሞት። «ወይስ መንቀልም ነውር ነው? ንገሩኝ፣ ሁላችሁም ሕግ አዋቂ ናችሁ።»

ሚስ ኢንገር አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ዩላሊ ቀደመች።

«ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ጌታን ከመስቀል ያወረዱት በየትኛው ቀን ነው? ምስማሩን ሳይነቅሉ ነው ያወረዱት?»

ሚስ ኢንገር ተመልሰው ዓሣቸውን ሊያገላብጡ ሄዱ።

ዊልሞት መዶሻውን ገልብጦ ይነቅል ጀመር። ለመምታት ከፈጀበት ጊዜ ይልቅ ለመንቀል የፈጀበት በለጠ፤ የራሱ የምት ጥንካሬ አሁን ጠላቱ ሆነ። እያንዳንዱ ምስማር ሲወጣ ጮኸ፣ ዊልሞትም አጉረመረመ። ጣውላዎቹ ተራ በተራ አሸዋው ላይ ወደቁ። ሲጨርስ ከፊቱ የቆመው እንደ ረቡዕ ባዶ ማዕቀፍ ነበር፣ የለፋው ሁሉ መና።

«በቃ፣ ኬንሪክ ወደ ቤት ይውሰድሽ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ነገ ቅዳሜ ነው፣ እመታዋለሁ። ከመጣሽ ትመጫለሽ።»

«ጣውላውን እዚያው አሸዋው ላይ ደርድረው» አለች ዩላሊ።

«ምን?»

«ደርድርና ፍራሹን አንጥፍበት። ምስማር አይፈልግም። ልተኛ፣ ደክሞኛል። እዚያ ጉረኖ ውስጥ ሳልተኛ ነው ያደርኩት።»

«መሬት ላይ? በምን ትነሻለሽ?»

«ታነሣኛለህ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት። በስቅለት መዶሻ መትተህ አዋርደኸኛል፤ ከዚህ በኋላ ምን የምንጠብቀው ክብር ቀረን?»

ማርቫ ሳቋን በእጇ አፈነች። ዊልሞት አልሳቀም። ጣውላዎቹን እያጉረመረመ ደረደረ፣ ፍራሹን ጎተተ፣ ከዚያ እጁን በብብቷ ሥር አሳልፎ ከወንበሯ አነሣት። ወገቡ ቀጭ አለ። ልጆቹ ሊረዱት ሲጠጉ በዓይኑ መለሳቸው። ሁለቱም አንድ ላይ እየተንገዳገዱ ወረዱና ዩላሊ ፍራሹ ላይ ዘፍ አለች።

«ቀስ በል እንጂ፣ ዓሣ ነው የምታራግፈው?» አለችው።

«አንቺ ነሽ የከበድሽው።»

ቀና ብላ በሸራው ጠርዝ በኩል ባሕሩን አየች። ከዚያ በደኅናው እጇ አሸዋውን ከፍራሹ ላይ ጠራረገችና ለሱ የሚሆን ቦታ ለቀቀችለት። ዊልሞት እንደተናደደ አጠገቧ ተጋደመ።