ሦስት ዙር የሚሞቅ ድግምት

ፎቶኮፒ ቤቷ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ናት። ዝግ ትባል እንጂ ውስጥ አራት ሰው ጠረጴዛ ከቦ በምናብ ጨዋታ ዘንዶ ይገድላል። አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ ሆኖ ዳይስ ይጥላል፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ የደረሰባቸውን ትተርካለች። የጨዋታውን ደንብም የጻፈችው እሷው ናት፣ በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከመተኛት በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ለምና አመጣቻቸው፤ እንዳይከፋቸው ብላም አስማተኛ አደረገቻቸው። የሒሳብ ሰው አይደሉ? ደንቡን በሳምንት ሸምድደው ቀዳዳውን ሁሉ አገኙት። ዘንዶው ገና አፉን ሳይከፍት አንዲት ድግምት ጣል ሲያደርጉ አመድ ይሆናል። ተዋጊው፣ ጎረቤቷ ቁልፍ ሠሪ፣ ሰይፉን እንደያዘ ይቀራል።

"እኔ ለማጨብጨብ ነው እንዴ የምመጣው?" አለች ሌባዋ አክስቷ አንድ ቀን፣ አባትየው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ። "ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ወይ እሱን አስተካክይው፣ ወይ እኔ ቀረሁ።" ቁልፍ ሠሪው ሰው አክባሪ ነውና አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

ልጅት ጨነቃት። አስማተኛውን ብትተወው ጨዋታው ይፈርሳል፤ ብታደክመው አባቷ ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል።

መጀመሪያ ድግምቱን በቀን ሦስት ብቻ አደረገችው። አባትየው ሦስቱንም ለዘንዶው አስቀምጠው እስከዚያ አንቀላፉ። ቀጥላ፣ እያንዳንዱ ድግምት ከአስማተኛው ጤና ይቀንስ አለች። እሳቸው አሰሉ፣ አላዋጣቸውም፤ "ጤና ይበልጣል" ብለው አስማተኛቸውን የዕቃ ጋሪ ላይ አስቀመጡት። ጋሪውን ቁልፍ ሠሪው ጎተተ።

መላው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ያውም ሁሌ ከሚያበሽቃት አሮጌ የፎቶኮፒ ማሽን። ሲበራ እስኪሞቅ ያጉረመርማል እንጂ አያትምም። ደንበኛው ይቆማል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ሲሰለቸው ከጎኑ ካለው ጋር ወሬ ይጀምራል። ማሽኑ ሲሞቅ መለያየት ያቅታቸዋል። እጇ ላይ የነበረውን ወረቀት ገልብጣ ጻፈች፦ ድግምቱ እንደ ድሮው ይግደል፤ ግን ሦስት ዙር ይሙቅ። በመሃል አስማተኛው ከተመታ ወይም ከተንቀሳቀሰ ይበላሻል።

ቅዳሜ አባትየው መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለቴ አነበቡት። "ታዲያ እስኪሞቅ ማን ይጠብቀኛል?"

"እኔ አለሁ፣ ጋሼ" አለ ቁልፍ ሠሪው። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም።

ዘንዶው መጣ። በአንደኛው ዙር ቁልፍ ሠሪው መከተ። በሁለተኛው ዳይሱ ከዳውና ወደቀ፤ ዘንዶው እላዩ ላይ ቆመ። የቀረው አንድ ዙር ነው። እሳቸው ዝም ብለው ከጠበቁ ዘንዶው አመድ ይሆናል፤ ቁልፍ ሠሪው ግን አይተርፍም። ልጅት የሚያዋጣውን ሒሳብ ታውቀዋለች፣ አባቷንም ታውቃቸዋለች።

"ድግምቱን ተዪው" አሉ አባትየው። "በከዘራዬ እመታዋለሁ።"

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ?" አለች አክስቷ።

"ሰው እኔን ብሎ ወድቆ ቁጭ ብዬ አላይም።" ዳይሱን ጣሉ። አንድ ወጣ፣ ከቁጥሩ ሁሉ የባሰው።

ዘንዶው ሦስቱንም በተራ በላቸው። ቀድመው የሳቁት አባትየው ናቸው፤ አክስቷ እንባዋን እስክትጠርግ ተከተለቻቸው። ልጅት ያንን ሳቅ ከእናቷ ቀብር ወዲህ አልሰማችውም ነበር። ወረቀት የምትለቅም መስላ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች።

አባትየው ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ቅዳሜ ሩቅ ነው" አሉ። "ረቡዕ ምን ሥራ አላችሁ?"