የተከሰሱ መጻሕፍት ሳጥን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሼ ይልማ ሦስት ነገር አስረከቡኝ፤ አንድ ቁልፍ፣ አንድ የጎማ ማኅተምና አንድ ትልቅ መዝገብ። ቦታው መቱ፣ ከገበያው በላይ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል የንባብ ቤት ናት። እሳቸው ኃላፊ፣ እኔ ጠባቂ ሆንን። ከእኔ በታች ሠራተኛ ስላልነበረ ወለል የምጠርገውም እኔ ነበርኩ።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት አልፎ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ከዚያ አራተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ። ሳነብ ጣቴን ከመስመሩ በታች አስኬዳለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። የተቀጠርኩት በእውቀቴ አይደለም። ከእኔ በፊት የነበረው ጠባቂ መጻሕፍት ለወዳጆቹ እየሰጠ ስላስቸገረ፣ ጋሼ ይልማ የሚፈልጉት ለማንም የማታደላ ሰው ነበር።

«መደርደሪያው ላይ ያለው ለአንባቢ ይሰጣል» አሉኝ። «ሳጥኑ ውስጥ ያለው አይሰጥም።»

በበሩ ጥግ ትልቅ የጣውላ ሳጥን ተቀምጦ ነበር፤ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ምን አለበት?»

«የተከሰሱ መጻሕፍት።»

«ማን ከሰሳቸው?»

«ሁሉም ሰው።»

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። አንድ አንባቢ «ይህ መጽሐፍ ጎጂ ነው» ካለ በመዝገቡ የኋላ ገጾች ላይ ክሱን ጽፎ ይፈርማል፤ መጽሐፉ ሳጥን ይገባል። ክሱን መርምሮ የሚፈርድ ሰው አልተመደበም። ስለ ቡና ተክል፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ንጽሕና የተጻፈውን ማንም አልከሰሰም። ሳጥኑን የሞላው የክርስትና ታሪክ ነበር። ውሎ አድሮ መደርደሪያው ላይ ከዚያ ታሪክ አንድም አልቀረም።

እኔም በመጀመሪያው ወር አንዱን ከስሻለሁ። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በእኛ አገር ዝናቡ ከዓመት ዓመት ነው የሚባለው። ሻጋታና ምስጥ ከአንባቢ የበለጠ መጻሕፍት ያጠፋሉ። ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ቡናውን ሲያሰጣ እኔ በጆንያ ላይ መጻሕፍት አሰጣ ነበር፤ የሳጥኑንም ጭምር። አላፊ አግዳሚው ያሾፍብኛል። «እትዬ አስካለ፣ ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔ ግን ዓይኔን ከጆንያው አላነሳም። ከሳጥኑ አንድ መጽሐፍ ቢጎድል የምጠረጥራቸውን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው መርጌታ ሀብቴ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፤ አንደበታቸው የተሳለ፣ ጋቢያቸው ሁልጊዜ የነጣ። ሁለተኛው ገመቹ፣ የኖፓ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ወንጌላዊ የሆነው በጎልማሳነቱ ነው፤ አባቱ በዚህ የተነሳ ዓመት ሙሉ አላናገሩትም።

አንድ ክረምት መዝገቡን ስመረምር፣ ሁለት መጻሕፍት ክስ ሳይጻፍባቸው ከመደርደሪያ ወጥተው እንዳልተመለሱ አገኘሁ። የወንጌላውያኑን መጽሐፍ መርጌታ፣ የኦርቶዶክሱን ገመቹ ወስደዋል። ነገሩ ሸተተኝ። መጀመሪያ መርጌታ ቤት ሄድኩ። መጽሐፉ ከእህል ጎታው ሥር ወጣ።

«አነበቡት?»

«እኔ? ይህን?» አሉ። «ሰው እንዳይሳሳትበት ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

ከዚያ ኖፓ ወረድኩ፤ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሬ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየዋጠኝ። ገመቹ በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ፣ እትዬ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ወንበር አቀረበልኝ። መጽሐፉን ከልብስ ሻንጣው አወጣ።

«አነበብከው?»

«የለም። ሰው እንዳይሳሳትበት ብዬ ነው።»

ሁለቱ በአንድ ቃል ተናገሩ። አልሳቅሁም፤ እግሬ አሞኝ ነበር።

ነገሩ የከረረው ከበላይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ነው። የክሱ ብዛት ደርሷቸው ኖሮ እንዲህ ይላል፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ ክርስትና ታሪክ ለጀማሪ የሚሆን፣ ሁሉም ወገን የሚቀበለው አንድ መጽሐፍ ተመርጦ ይቅረብ፤ ካልሆነ የንባብ ቤቱ ይዘጋል።

ጋሼ ይልማ ደብዳቤውን አጣጠፉት። «አንድ ብለዋል። ሁሉም ወገን ብለዋል። ሊዘጉን ፈልገዋል ማለት ነው።»

እኔም እንደዚያው ጠረጠርኩ። ቢሆንም ሳጥኑን ከፈትኩ።

አባቴ ሽማግሌ ነበር፤ በሚዳኝበት ዛፍ ሥር ቡሬ ውስጥ ነው ያደግሁት። የእሱ አሠራር አንድ ነበር። ከሳሽ ተናግሮ ሲጨርስ አባቴ ነገሩን በራሱ አፍ መልሶ ይነግረዋል፤ «ቃልህ ነው?» ይለዋል። ሰውየው «ቃሌ ነው» ካላለ ወደ ተከሳሹ አይዞርም። የሌላውን ቃል ሳያጣምም መድገም ያቃተው ሽማግሌ ፍርዱም አይታመንም ይል ነበር። መጽሐፍም ሽማግሌ ነው አልኩ። መጽሐፉ የመርጌታን እምነት ሲተርክ መርጌታ «ቃሌ ነው» ይሉለት እንደሆነ፣ የገመቹን ሲተርክ ገመቹ «ቃሌ ነው» ይለው እንደሆነ ልይ።

ከሳጥኑ አራት ለየሁ። የሌሎቹ ቋንቋ ለጀማሪ የሚከብድ፣ ወይም ታሪክ ሳይሆን ስብከት ነበር። ሰዎቹ በማተሚያ ቤቱ ስም እንዳይፈርዱ አራቱንም በካኪ ወረቀት ልሸፍናቸው ስነሳ ጋሼ ይልማ ከእጄ ወሰዱብኝ።

«እኔ እሸፍናለሁ። አንቺም አታዪ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ሰው ነሽ።»

ተቀየምኩ። እሳቸው ግን የማተሚያ ቤቱ ስም ያለባቸውን የፊት ቅጠሎች ከሽፋኑ ጋር ሰፍተው፣ መጻሕፍቱን ደባልቀው ላያቸው ላይ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጽፈው መለሱልኝ።

ሳምንት ሙሉ በጣቴ አነበብኩ። አንደኛው ስለ አገራችን ቤተ ክርስቲያን ነው። አክሱምን፣ ገዳማቱን፣ መጻሕፍቱ ወደ ግእዝ የተመለሱት ከየትኛው ቋንቋ እንደሆነ በዝርዝር ይነግራል፤ ከየት እንዳገኘውም ይጽፋል። ስለ ሌላው ዓለም ግን ዝም ነው። ሁለተኛው ከሐዋርያት ተነስቶ የወንጌላውያንን መንገድ ወደ ጀመረው ጀርመናዊ መነኩሴ ይዘላል፤ አንድ ሺህ ከምናምን ዓመት በአንድ ገጽ ያልፋል። በዚያ ሁሉ ዘመን የተጠመቀ ሰው የለም? ብዬ ምልክት አደረግሁበት። ሦስተኛው ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅን፣ ሶርያን፣ ሮምን በየተራ ያዳርሳል፤ እርግጠኛ ባልሆነበት ቦታ «አላረጋገጥኩም» ይላል። አራተኛው በየገጹ «ይባላል» ይላል። ማን እንዳለ አይናገርም።

ከዚያ ሁለቱን ሰዎች ጠራኋቸው፤ ለየብቻ።

ለመርጌታ ከሁለተኛው አነበብኩላቸው። ቦታው በዚያችው አንድ ገጽ ላይ ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ተከራክረው ቤተ ክርስቲያን ስለተከፈለችበት ነው። «እነዚህ ሰዎች የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተውጦ ጠፋ ይላሉ» ይላል።

«ማን ነው ያለው?» አሉ መርጌታ። «እኔ ነኝ?»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ አይደለም። ተዋሕዶ መዋጥ አይደለም። ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት አንድ ሆነ ነው የምንለው። ይህን ለጀማሪ ልትሰጪ?»

ለገመቹ ከአራተኛው አነበብኩለት። «እነዚህ እመቤታችንን የሚሰድቡ፣ ጾም የጠሉ፣ በባዕድ ስንዴ ሃይማኖታቸውን የለወጡ ናቸው።»

«ይሄን አባቴ ነው እንዴ የጻፈው?» አለ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ አይደለም። ስንዴውንስ ማን ሰጠኝ? በልቼው ቢሆን ይሄ ኮት እንዲህ ይሰፋኝ ነበር?»

ሦስተኛውን ስከፍት ለመርጌታ ያንኑ የኬልቄዶን ነገር አነበብኩ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«ቃሌ ነው» አሉ። «ከእኛው ሰው ነው የጻፈው።»

ገመቹም ስለ ወንጌላውያን አጀማመር ከዚያው መጽሐፍ ሰምቶ «ቃሌ ነው። የእኛ ሰው ነው የጻፈው» አለ።

እኔም በልቤ ከመርጌታ ጋር ነበርኩ። እንዲህ የተስተካከለ መጽሐፍ ከእኛ ቤት ነው የሚወጣው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ጉድለት ግን መርጌታ አገኙበት። «የአገራችን ነገር ግማሽ ገጽ ብቻ ነው» አሉ። ቆጠርኩት፤ እውነት ነው። ገመቹ እንኳ ሲሰማ «ይሄማ አያንስም?» አለ። ያንን የሚሞላው አንደኛው ነው። አንደኛው ደግሞ ብቻውን የዓለሙን ታሪክ አያስተምርም። ደብዳቤው «አንድ» ይላል።

በቀጠሮው ጠዋት አራታችን ጽሕፈት ቤቱ ገባን። ጸሐፊው ቀጭን ሰው ነበር፤ ገና ሳንቀመጥ የመዝጊያ ትእዛዙን ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ቀኑ ብቻ ይጎድለዋል።

«የተመረጠው የቱ ነው?» አለ።

«ሦስተኛው።»

«ተከሶ ሳጥን የገባ መጽሐፍ ከሆነ፣ ክሱ በከሳሹ ፊት ተነብቦ ካልተሰረዘ አይወጣም። ሽፋኑን ክፈቱት።»

ጋሼ ይልማ ካኪውን ቀደዱት። የማተሚያ ቤቱን ስም አየሁ። የባዕድ ስም ነበር። መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት፤ አንባቢዋ እኔ ነበርኩና ጣቴን ከመስመሩ በታች እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ይህ መጽሐፍ በባዕድ የታተመ በመሆኑ ሰውን ያሳስታል። ከሳሽ፦ ጠባቂዋ አስካለ።»

ገመቹ ጣራውን አየ። መርጌታ ሳላቸው መጣ፤ ሳል እንዳልነበረ አውቃለሁ።

«አንብበሽው ነበር?» አለ ጸሐፊው።

«አላነበብኩም።»

«ታዲያ በምን ከሰስሽው?»

«ሽፋኑን አየሁ።»

«ስንት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ?»

«እኔ በንባብ ቤቱ የኖርኩትን ያህል።»

ብዕር ሰጠኝ። ክሴን ሰርዤ ፈረምኩ። መርጌታንና ገመቹን ስለ እህል ጎታውና ስለ ሻንጣው እንዴት እንደገላመጥኳቸው ትዝ አለኝ። እነሱ የሰወሩት አንድ ክረምት ነው።

ከዚያ ስለ ግማሽ ገጹ ተናገርኩ። ሁለት መጽሐፍ ያስፈልጋል አልኩ፤ በአንደኛው ላይ ክስ የጻፈው ገመቹ ነበርና እሱም እዚያው ሰረዘው።

«ደብዳቤው አንድ ይላል» አለ ጸሐፊው። እጁ የመዝጊያ ትእዛዙ ላይ ነበር። «አንድ የለም ማለት ነው?»

«እስከ ቀትር ይስጡኝ።»

የንባብ ቤቱ ውስጥ የተቀደደ የምጠግንበት ወስፌ፣ መርፌና ወፍራም ክር ነበረኝ። ክሩ እርጥበት እንዳያበሰብሰው የኖፓ ሰም እቀባዋለሁ። የሁለቱንም ልባስ ገፍፌ ጥራዞቻቸውን አስተካከልኩ፤ የአገራችንን ታሪክ ከኋላ አድርጌ በአንድ ጀርባ ሰፋኋቸው። ሙጫ ለብጬ ካርቶን አለበስኩት። ጋሼ ይልማ ጫፉን ይዘውልኝ ነበር። «ይህ ማጭበርበር አይደለም?» አሉኝ። «መጠረዝ ነው» አልኳቸው።

በቀትር ሙጫው ሳይደርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አንድ መጽሐፍ ነው።»

ጸሐፊው ገለበጠው፤ ጀርባውን አየ፤ እኔን አየ። «የሚቀበለውስ?» አለ።

«እኔ ቃሌን አላጥፍም» አሉ መርጌታ። «ከማን ጋር እንደሰፋችኝ ግን አይቻለሁ።»

«እኔንም ነው የሰፉኝ» አለ ገመቹ። «እቀበላለሁ።»

ጸሐፊው ማኅተሙን አነሳ። የመዝጊያ ትእዛዙን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ አልቀደደውም። ይህን ልብ ብዬ አይቻለሁ።

በማግስቱ በመዝገቡ የክስ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጨመርኩ። ከሳሽ የተከሰሰውን ገጽ ቁጥር ይጽፋል። ያንን ገጽ በጠባቂዋ ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ወዲህ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳጥን የገቡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ይገባቸው ነበር።

መጽሐፉን መጀመሪያ የተዋሱት መርጌታ ናቸው። ዳሪሙ አገር ላሉ ተማሪዎቻቸው ሊያነቡላቸው ነው አሉ። አላመንኳቸውም። ሲመልሱ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

«ትጠረጥሪኛለሽ?» አሉኝ።

«እጠረጥራለሁ።»

«ገመቹንስ?»

«እሱንም እቆጥርበታለሁ። የራሴንም ክስ ከፍቼ አነባለሁ።»

ቅጠሎቹ ሙሉ ነበሩ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ለጀማሪ የክርስትና ታሪክ ስትመርጡ መጽሐፉ ወገኑ ያልሆነውን ሰው የሚያነሳበትን ገጽ ፈልጉ፤ ለዚያው ሰው አንብቡለት፤ «ቃሌ ነው» ካላለ ወደ ሌላው እለፉ። ሽፋኑን ሌላ ሰው ይሸፍንላችሁ።