ለወንድሜ ልጅ የመረጥኩት ዘቢብ

ገንዳ ውሃ ከተማ የሬዲዮ ዘጋቢ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። የሰሊጥ ገበያ፣ የጠረፍ ወሬ፣ የመንገድ መዘጋት እዘግባለሁ። ቤተሰቤ ቤተ እስራኤል ነው። እናቴና እህቶቼ እስራኤል ገብተዋል፤ ታናሽ ወንድሜ ከነልጁ ጎንደር ተራውን ይጠብቃል። እዚህ ከተማ እንደ እኔ ቅዳሜን የሚያከብር ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ አሥራ ሦስት ሞላው። ይህ ዕድሜ ባር ሚጽቫ ነው፤ ልጁ በምኩራብ ቆሞ ኦሪት ያነባል፣ ከዚያ ወዲያ ከአዋቂ ይቆጠራል። ወንድሜ ደወለልኝ።

«ምግቡን እኛ እንችላለን። የሚባረክበት ወይን ግን ካንተ ይሁን። አጎቱ ነህ» አለኝ።

ቤተሰቤ እንዲህ ያለ ነገር ከጠየቀኝ ቆይቷል። አንድ ሆቴል ገብቼ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ወይን በሙሉ አስወጣሁ።

«ውሃ ብቻ ስትጠጣ ከርመህ ዛሬ ምን ነካህ?» አለችኝ አስተናጋጇ።

ደረቁን ከጣፋጩ ለይቼ፣ በጠርሙሶቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልብጬ ጎንደር ለምኩራቡ ሽማግሌ ደወልኩ።

«ማን ጨመቀው?» አሉኝ።

«ፋብሪካ ነው፣ አባቴ።»

«የፋብሪካው ሰውስ ማን ነው? የእኛ ሰው ያልጨመቀው አይባረክበትም። ይህን ሳታውቅ ነው ያደግኸው?»

አውቅ ነበር። ብቻዬን ስኖር ከአእምሮዬ ወጥቶ ነው።

«ዘቢብ ላክ። እኛው እንጨምቀዋለን። ሦስት ቀን መነከር አለበት፤ ለቅዳሜው በዓል እስከ ማክሰኞ ይድረስ» አሉኝ።

ሰኞ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። ከሱዳን የሚገባ ዘቢብ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ አሉ። ከየጆንያው እያነሳሁ ስቀምስ አዩኝ።

«ቄስ ሆንክ እንዴ? ዘቢብ እንዲህ የሚመርጥ ቄስ ብቻ ነው።»

«አይደለም ሐጂ» ብዬ የማን ድግስ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ይሄን ተወው። እንዲያብረቀርቅ ዘይት ነክቶታል» አሉና ከጓዳ ሌላ አወጡ። ጥቁር፣ የተጨማደደ፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ነበር። እሱን መረጥኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ራሴ ይዤው ልሄድ ፈቃድ አግኝቼ ነበር። ሌሊቱን ግን ከሱዳን ብዙ ሰው ተሻግሮ አደረ፤ ቢሮው እንድቆይ ጠየቀኝ። ቆየሁ። ዘቢቡን ለማውቀው የአውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ የጎንደር መንገድ ተዘጋ። ዜናውን የሠራሁትም እኔው ነኝ።

ቅዳሜን ክፍሌ ውስጥ ዋልኩ። በሰንበት ስለማይደወል ስልኬን አልነካሁም። እሑድ ደወልኩ።

«ልጁ አንዲት ቃል አልሳተም» አለኝ ወንድሜ።

«ወይኑስ?»

«ይጣፍጥ ነበር።»

«በኔ ዘቢብ ነው?»

«ያንተ ሐሙስ ማታ ነው የደረሰ። ሴቶቹ ቀድመው ከገበያ ገዝተው ነክረው ነበር። ያንተንም የጨመሩበት መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«ምን ለውጥ አለው፣ ወንድሜ? ባርከን ጠጣን።»

እኔ በሥራዬ «መሰለኝ» ብዬ ያስተላለፍኩት ዜና የለም። ዘቢቡን የነከሩትን ሴቶች ስልክ ብጠይቀው ይሰጠኛል፤ ማጣራት ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬም አላውቅም።