የለቀቅሁት ሴሚስተር

ሦስተኛ ዓመት እንደጀመርን ነው ወረቀቱ የትምህርት ክፍላችን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው። ከእኛ ከዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሴሚስተር ፖላንድ ሄደው ይማራሉ ይላል፤ አንዱ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር፣ ሌላው በአራተኛ ዓመት መጀመሪያ። የተመረጥነው እኔና የዶርም ጓደኛዬ ነበርን። እኔ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ እሷ የጠዳ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከገባን ጀምሮ በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች፣ ተኝተናል።

ውጤቴ ስለሚበልጥ የመምረጥ ዕድሉ የእኔ ነበር። አማካሪያችን የኮርሶቹን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ እያሰመረ አስረዳኝ።

"አሁኑኑ ሂጂ። እዚያ የምትወስጃቸው ኮርሶች እዚህ ይያዙልሻል። በአራተኛ ዓመት ከሄድሽ የተግባር ልምምድ ያመልጥሻል፣ ምረቃሽም ይዘገያል" አለኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ጋ ጓደኛዬ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ሊድሩኝ ነው" አለችኝ። "ሽማግሌ ተልኮ ቀኑም ተቆርጧል፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። አሁን ካልሄድኩ መቼም አልሄድም። አንቺ አባትሽ ከጎንሽ ናቸው፣ ስድስት ወር ብትቆዪ ምን ይጎድልብሻል? በናትሽ ተራሽን ስጪኝ።"

ለአባቴ ደወልኩለት። "ምነው ልጄ፣ የራስሽን ለሰው ሰጥተሽ ኋላ እንዳታዝኚ" አለኝ። ቀጥሎ "ሸጋ ነው ካልሽ ግን ሸጋ ነው" ብሎ ተወኝ።

አማካሪያችን ተራዬን ለእሷ መስጠቴን አልወደደውም። "ደግሞስ ትመለሳለች?" ሲለኝ "እኔ ዋስ ነኝ" አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል።

የካቲት ላይ ቦርሳዋን ተሸክሜ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። በመጀመሪያው ወር በየቀኑ ፎቶ ትልክ ነበር። ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ ጭራሹን ጠፋች። እኔ ግን ፓስፖርቴን አውጥቼ፣ ወፍራም ሹራብ ገዝቼ እየተዘጋጀሁ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ አማካሪያችን ቢሮው አስጠራኝ። ጓደኛዬ ትምህርቷን ጨርሳ ወደ አገሯ ሳትመለስ መጥፋቷን፣ በዚህም ምክንያት ከእንግዲህ ከእኛ ዘንድ ተማሪ እንደማይቀበሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ከፖላንዱ ዩኒቨርሲቲ መጥቶለታል። አልተቆጣኝም። "ዋስ ነኝ ብለሽኝ ነበር" ብቻ አለኝና ወደ ወረቀቱ ዞረ። እስክመረቅ ድረስ ከዚያ ወዲያ ፊቱን ፈትቶ አላናገረኝም።

በማግስቱ ጠዳ ሄድኩ። እናቷ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ማን እንደሆንኩ ነግሬያቸው "ሰርጉ ነው እንዴ ያስቀራት? አሁንም እናንተን ፈርታ ነው?" አልኳቸው።

"የምን ሰርግ?" አሉኝ።

"ከፋሲካ በኋላ የነበረው።"

"ልጄን ማን ጠየቃትና ነው የምድራት? ተምራ ትጡረኝ እያልኩ እኔ!" አሉና እጃቸው በርበሬ መሆኑን ረስተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያው ማቃጠል ጀመራቸው። ውሃ ቀድቼ ፊታቸውን አጠብኳቸው። እያጠብኳቸው ሳለ "አንቺ ለምን ቀረሽ ታዲያ?" ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ውሃ ቀዳሁ።

ተመርቄ አሁን አምባ ጊዮርጊስ ግብርና ቢሮ እሠራለሁ። የስንዴ ዋግ የሚባለው በሽታ ምን እንደሚመስል ለገበሬ አሳያለሁ፤ ገበሬው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሰዉ "ያቺ ውጭ ልትሄድ የነበረችው" ይለኛል። ነበረችው የምትለዋን ቃል ጠላኋት።

ባለፈው ዓመት ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣ። እሷ ናት። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። እዚያ ትምህርቷን ልትቀጥል ስለሆነ ትራንስክሪፕቷን ከሬጅስትራር አስወጥቼ እንድልክላት ትለምናለች። "ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" ይላል መጨረሻው። ውክልናውንም አያይዛዋለች።

ፈቃድ ወስጄ ጎንደር ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ እንጃ፤ ምናልባት ያ አልጋ ትዝ ብሎኝ ይሆናል። ረጅም ሰልፍ ጠብቄ መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

"የማን ነው?" አለችኝ ሠራተኛዋ።

ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። "ተሳስቼ ነው" ብዬ ከሰልፉ ወጣሁ። መናኸሪያ ደርሼ መኪና ስጠብቅ "ፋይልሽ አልተገኘም ብለዋል" ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰችልኝ፤ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ለድካምሽ" አለች።