ከጅዳ የመጣው ላፕቶፕ አልከፍት ያለ ቀን

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ ሱቁ በር ላይ «እውነተኛ የኮምፒውተር ጥገና» ብሎ ከጻፈ ጀምሮ ሰላምታ አንለዋወጥም። እውነተኛ! ያኔ በእኛ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ሱቅ ሁለት ብቻ ነበር፤ የሱና የኔ። እሱ እውነተኛ ከሆነ ውሸተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም። እኔም አልተኛሁም። በማግስቱ በሬ ላይ «ከማዶው በፊት የተከፈተ» ብዬ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲያስነጥስ እኔ በሬን እዘጋለሁ፤ እኔ ስስቅ እሱ ሬዲዮውን ይጨምራል። በመካከላችን ያለው መንገድ ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው። ለእኔ ግን ከዓባይ በረሃ ይሰፋ ነበር።

በተጣላን በሦስተኛው ዓመት ያን መንገድ ያሻገረችኝ አንዲት መምህርት ናት። እንዴት እንዳሻገረችኝ ልናገር። ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚያወራው እኔው ራሴ አጣምሜ ባወራው ይሻላል።

መምህርቷ ከከላላ ወዲያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ በምላስ ግን ትበልጠኛለች፤ እኔን በምላስ የሚበልጥ ደግሞ ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር። ላፕቶፑን ያመጣችላት ጅዳ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እኅቷ ናት። መምህርቷ መጀመሪያ ወደ እኔ ይዛው የመጣችው በመስከረም ነበር፤ አማርኛ እንድጭንላት። ስከፍተው ሁሉም ነገር ዐረብኛ ነው። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ በቀኝ የለመድኩት ሁሉ በግራ ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ቀን ደግሞ አንድ ሺህ አራት መቶ ምናምን ይላል።

«እኅቴ አዲስ ነው ብላኝ ነበር» አለች መምህርቷ። «ስድስት መቶ ዓመት ያገለገለ ነው እንዴ ያመጣችልኝ?»

«አብሽሪ» አልኳት። «አይዞሽ፣ የሂጅራ አቆጣጠር ነው። ከሰው አገር የመጣ ዕቃ አገሩን እስኪለምድ ነው።»

ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ፤ አማርኛውን ጫንኩ፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ዓመቱን ወደ እኛ ዓመት፣ ሰዓቱንም ወደ እኛ ሰዓት አዞርኩት። ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ ቀኑን እንዳያርም ያንንም ቆለፍኩበት። «መካነ ሰላም የገባ ሁሉ በመካነ ሰላም ቀን ያድራል!» ብዬ ስፎክር ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ሰው ይሳቅልኝ እንጂ እኔ የገዛ ቤቴንም አቃጥላለሁ።

በግንቦት ተመልሳ መጣች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ገና ቁልፉን ከኪሴ ሳላወጣ፣ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ በሬ ላይ ቆማለች። ደህና አደርክ የለ፣ እንዴት ነህ የለ።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» አለችኝ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይኼ ነገር መከፈት አለበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲግሪዋን በርቀት ለመማር አመልክታለች። የመግቢያ ፈተናው በላፕቶፕ ስለሆነ ለዚያ የተዘጋጀ ፕሮግራም አለ። ተፈታኙ ፕሮግራሙን ጭኖ፣ ከፍቶ፣ የተሰጠውን ቁጥር አስገብቶ ዝግጁ መሆኑን ማሳወቅ አለበት። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያላሳወቀ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። እሷ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት በዲፕሎማ ስታስተምር ያስተማረቻቸው ልጆች ዲግሪ ይዘው አለቆቿ ሆነው መጥተዋል።

«አንዱ ርዕሰ መምህር ሆኖ መጣና ‹እትዬ፣ ራስሽን አሻሽይ እንጂ› አለኝ» አለች። «አፍንጫውን የጠረግኩለት ልጅ!» ከዚያ ማተቧን በሁለት ጣቷ ያዘች። «ወላሂ እልሃለሁ፣ ዛሬ ይኼ ካልተከፈተ እኔ አንተን ነው የምዘጋህ።»

«አብሽሪ» አልኳት።

የመጀመሪያው ችግር ኢንተርኔቱ ነበር። የእኔን ኮምፒውተር እየከፈተ የሷን አላውቅሽም አለ። የትኛውንም ገጽ ስጠራ ቀይ ነገር እያወጣ ይመልሰኛል። «የዐረብ አገር ፈጣን ኢንተርኔት ለምዶ የእኛን ንቆ ነው» አልኩና ፕሮግራሙን በእኔ ኮምፒውተር አውርጄ በፍላሽ አሻገርኩላት። መጫኑን ተጫነ። አረንጓዴው መስመር ዳገት እንደያዘች በቅሎ እየቆመ እየሄደ ጫፍ ደረሰ። ስከፍተው ግን ብልጭ አለና አንዲት ትንሽ መልእክት አውጥቶ ጠፋ። መልእክቷን ኦኬ ብዬ አባረርኳት።

እዚህ ላይ የሥራ ዘዴዬን ልናገር። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ኮምፒውተር የሚጽፈውን መልእክት አንብቤ አላውቅም ነበር። ሕመምተኛ ስለ ሕመሙ ብዙ ያወራል፤ ሐኪሙ ግን ዐይኑን ገልጦ ያያል እንጂ ወሬውን አይሰማም፤ ይኼ ነበር ፍልስፍናዬ። ኦኬ የምትለዋን ለመጫን ጣቴ ከመብረቅ ይፈጥናል። አንዳንዴ መልእክቱ ሳይመጣም እጫናት ነበር።

«ምን አለ?» አለች መምህርቷ።

«ምንም አላለ። ይቅርታ ነው የጠየቀ።»

«ይቅርታውን አልፈልግም። ይከፈት።»

አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። እንቢ። እንደ አስተዳዳሪ አስነሣሁት፤ እንደ ሎሌ ተኛ። አንቲቫይረሱ ነው የሚያንቀው ብዬ አንቲቫይረሱን ነቀልኩ። እንቢ። የጎደለው ፋይል አለ ብዬ የማውቀውን ፋይል ሁሉ ከፍላሼ አራገፍኩበት። እንቢ። አጥፍቼ አበራሁት፤ አበርቼ አጠፋሁት። ያን ቀን የጫንኩትና የነቀልኩት ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ዓባይን የሚገድብ ግንብ በወጣው ነበር። በየመካከሉ እሷ «ምን አለ?» ትላለች፤ እኔ «አብሽሪ» እላለሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ‹አብሽሪ› ስላት ዐይኗ ውስጥ ያየሁት ነገር የጅብ ዐይን ላይ እንኳ አይታይም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን «እንግዲህ ዊንዶውሱን ከነሥሩ ነቅዬ አዲስ ልትከል። ፎርማት ላድርገው» አልኳት።

«ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡ ያለው ይሄዳል።»

«የአራት ክፍል ልጆች ውጤት ነው ውስጡ ያለው! ንካውና ጣትህን አልመልስልህም።» ጃንጥላዋን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደመችው። ወረቀት ሊያባዙ የመጡ ሁለት ሰዎች ኋላ እንመጣለን ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እኔም ተናደድኩ። ሰው ሲያቅተው ጥፋቱን የሚሰቅልበት ሚስማር ይፈልጋል፤ እኔም አገኘሁ።

«ስሚ» አልኳት። «ፕሮግራሙም ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ዕቃው ነው ጤና የሌለው። እኅትሽ ዐረቦቹ የጣሉትን አንሥታ ነው ያመጣችልሽ።»

ከአፌ ሲወጣ ነበር ያወቅኩት። ያቺ ቀኑን ሙሉ ስትሞልጨኝ የዋለች ሴት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ይኼ ነው ያስፈራኝ።

«እኅቴ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ወለል ጠርጋለች» አለች። «ለራሷ አንድ ቀሚስ ሳትገዛ ይኼን በካርቶኑ እንዳለ፣ ላስቲኩ ሳይላጥ ነው ያመጣችልኝ። አንተ ራስህ ነህ እዚችው ወንበር ላይ ሆነህ የላጥከው።»

እውነቷን ነው፤ በመስከረም ላስቲኩን የላጥኩት እኔ ነኝ። እሷ መልሴን አልጠበቀችም። ላፕቶፑን አጠፈች፣ ነጠላዋን ጠቀለለችበት፣ ወጣችና መንገዱን ተሻገረች።

ተከተልኳት። ለምን ተከተልካት ብትሉኝ፣ እርዳታ አይደለም፤ ክፋት ነው። እሱም ሲያቅተው ልይ ብዬ ነው። በማዶው ሰውዬ እጅ ተከፍቶላት ከሚቀናት፣ ሳይከፈት ቀርቶ ቦታዋ ለተጠባባቂ ቢሰጥ የሚሻል መስሎኝ ነበር። ይኼን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኛል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሣ አየኝ። «እሰይ!» አለ። «ከማዶው በፊት የተከፈተው መጣ!»

«እኔ ሸኚ ነኝ» አልኩና በሩ ላይ ተደገፍኩ።

«ሬሳ ነው እንዴ የምትሸኘው?»

«እሱን አንተ ትነግረናለህ፤ እውነተኛው አንተ አይደለህ?»

መምህርቷ ጠረጴዛውን በጃንጥላዋ መታችው። «ስድድቡን ከአሥራ አንድ በኋላ! አሥር ሰዓት ሊሆን ነው!»

ሰውዬው ላፕቶፑን ከፈተ። ፕሮግራሙን ነካው። ብልጭ አለና መልእክቷ መጣች። ጣቴ በሩ ላይ ሆና ኦኬ ለማለት ተቅበጠበጠች። እሱ ግን መነጽሩን አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ አደረገና ማንበብ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንብቦ ጨረሰና ከላይ ደገመው።

«ዳዊት ነው እንዴ የምትደግመው?» አልኩት። «ኦኬ በለውና እለፈው!»

«ዝም በል። ምን እንደሚል አንብበኸዋል?»

«ስንት ጊዜ!»

«ምን ይላል?»

«ይቅርታ ይላል።»

ዐይኑን ከመልእክቷ አንሥቶ ወደ ታች፣ ወደ ጥጉ ወሰደ። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞረ። «ቲቸር፣ ይኼን ዓመት እዚህ የሞላው ማነው?»

እኔ ወደ ኮርኒሱ አየሁ። እንደዚያ ያለ ኮርኒስ አይቼ አላውቅም። ምስማሩን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

«ፕሮግራሙ የሚለው ምን መሰለሽ» አለ ሰውዬው። «‹እኔ የተሠራሁት አምና ነው። አንቺ ዘንድ ያለው ቀን ግን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ገና ሳልወለድ እንዴት ልከፈት?› ነው የሚለው። ኢንተርኔቱም አልከፍት ያለሽ ለዚሁ ነው። ኮምፒውተር የሚሠራው በፈረንጅ ቀን ነው፤ የኛን ዓመት ሲሞሉበት ያለፈ ዘመን ውስጥ ገባሁ ይላል። ማን ነው?»

መምህርቷ ጃንጥላዋን ቀስ ብላ አነሣችና ወደ እኔ ቀሰረችው። «ይኼ ነው። በመስከረም። ማንም ሳይጠይቀው። ‹በመካነ ሰላም ቀን ያድራል› ብሎ እየፎከረ።»

ሰውዬው ይስቃል ብዬ ነበር። ቢስቅ እሰድበው ነበር። አልሳቀም፤ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ እንደ ታመመ ሰው አየኝ፤ እሱ ከሳቅ ይብሳል።

ቀኑን አስተካከለ፤ ሰዓቱን አስተካከለ፤ እኔ የቆለፍኩበትንም ፈታ። ጠቅላላው ሥራ አንድ ሲኒ ቡና ፉት የማለት ያህል አልወሰደም። ግን እኔ ጠዋት ያራገፍኩበት ፋይል ሁሉ አንቆት ነበርና ያንን ማጽዳት፣ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ቀረ። አሥር ተኩል አለፈ። መስመሩ ዳገቱን ይወጣል፤ ይቆማል። መምህርቷ ቆማለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ፤ መሄድም አልቻልኩ፣ መግባትም አልቻልኩ። ኔትወርኩ ደግሞ ዛሬን ጠብቆ ኤሊ ሆኗል።

ለአሥራ አንድ ሰባት ደቂቃ ሲቀር ተከፈተ።

ቁጥሯን ለማስገባት ተቀመጠች። ዐረብኛ የተጻፈበት ኪቦርድ ላይ አንዱን ቁጥር ሁለቴ ነካችው፤ ተሳሳተ፤ እንደገና ጀመረች። ሰውዬው ቁጥሮቹን እያነበበ ጠራላት። ለአሥራ አንድ ሦስት ደቂቃ ሲቀር አረንጓዴ ምልክት ወጣና ዝግጁ መሆኗን አወቀላት። እልል ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ግንባሯን ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ አስደገፈች።

በኔ ልብ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ‹ከፈተው፣ ይኼ ውሻ ከፈተው!› ነው። አላህም እግዜርም ይቅር ይበሉኝ።

ስትነሣ ሰውዬውን «እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ» አለችው። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አንዴ ብታነበው ምን ይቀንስብህ ነበር?» አለችኝ።

እኔም በልማድ፣ ወላሂ በልማድ ነው፣ «አብሽሪ» ብዬ ቁጭ! ጃንጥላው እንዴት እንደሳተኝ እስካሁን አይገባኝም።

በሳምንቱ ሰውዬው ማስታወቂያው ሥር በቀይ ቀለም አንድ መስመር ጨመረበት። «እውነተኛ የኮምፒውተር ጥገና» ይልና ከታች «ቀን አናዛባም» ይላል። ከተማው በሙሉ አነበበው። ገበያ የመጣው ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቅ የሚያስረዳው ሰው በሽ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱን ይጨምርበታል። አንዱ ላፕቶፑን ወደ አፄዎቹ ዘመን እንደመለስኩት በቁም ነገር ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ያለውን ግነት ያስተማርኳቸው እኔ ስለሆንኩ መክሰስም አልቻልኩ።

መምህርቷ ፈተናውን አለፈች። አሁን ዲግሪዋን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል ይላሉ። የቤት ሥራዎቿን ልታሳትም በየወሩ ትመጣለች፤ የምታሳትመው ማዶ ነው። ከሚኒባስ ስትወርድ ላፕቶፑን በዚያው ነጠላ እንደታቀፈች በእኔ በር ፊት ለፊት ታልፋለች፤ ሳትዞር፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ትጮኻለች፦

«አብሽር!»

እኔም ውስጥ ነኝ። በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ማዶው ሰውዬ እንዳያየኝ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ የኮምፒውተሩን መልእክት እያነበብኩ ነው።