መብራት ሳይጠፋ የተነሳው ጄኔሬተር

መብራት ሳይጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቡሬ ከተማ አይቻለሁ።

እሁድ ከሰዓት ከጎረቤቴ ከእትዬ የሺ ቤት ድምፁን ሰማሁ። ሟች ባላቸው ራሳቸው ይዘውት እየሄዱ ለሰርግ ቤት ያከራዩት የነበረው ጄኔሬተር ነው። ሮጬ ስገባ፣ በሩን ዘግተው ጭስ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድም አምፖል አልተሰካበትም።

አጥፍቼ እሳቸውን ወደ ደጅ አወጣኋቸው። "እትዬ፣ ጭሱ እኮ ይገድልዎታል!" ብዬ ጮህኩ።

"ድምፁ ናፍቆኝ ነው ልጄ" አሉኝ።

አፈርኩ። ጄኔሬተሩን ጎትቼ ጓሮው ዳር ወሰድኩት፤ የጭስ መውጫውን ከቤቱ አዙሬ አስነሳሁት። በሩ ላይ ቆመው ብዙ አዳመጡ።

"ራቀብዎት እንዴ?"

"ይሻላል እንጂ። ቤት ውስጥ ሲጮህ እሳቸው አጠገቡ እንደሌሉ አያለሁ። ከሩቅ ሲሰማ ግን ሰርግ ቤት ናቸው።"