ለአልጋ አሥራ ሁለት መስመር

ቴልማ ብሪስቧ በማሳቹሴትስ፣ ቺኮፒ ከተማ፣ መዝገበ ቃላት በሚያዘጋጅ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ስትለቅም ኖራለች። እንግሊዝኛ ለሚማር የውጭ አገር ሰው ነው። ሻይን እኛ ወፍራም እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ሻይ ጠንካራ ነው። ያንን ካልነገሩት ተማሪው ከየት ያመጣዋል?

ያን ሳምንት ተራው የአልጋ ነበር። አልጋ ማንጠፍን፣ ከአልጋ መነሳትን በካርድ ደርድራ እንደጨረሰች አዲሱ አለቃ ኩርቲስ ከኮምፒውተሩ የወጣ ወረቀት ይዞ መጣ። መቼስ ይሄ ማሽን ከመጣ ወዲህ ሰላም የለም። የአሥር ዓመት ጋዜጣ አስገብተውበት፣ የትኛው ጥምር ስንቴ እንደተጻፈ ይቆጥራል። ለአንድ ቃል አሥራ ሁለት መስመር ይሰጣል፤ በቆጠራ የበለጠ ይገባል፣ ያነሰ ይቀራል።

የሆስፒታል አልጋ አንደኛ፤ አልጋ ማንጠፍ አሥራ ዘጠነኛ።

«ትቀልድብኛለህ እንዴ?» አለችው። «እገሌ ዛሬ አልጋውን አነጠፈ ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ የት አለ? እናትህ አልጋህን አንጥፍ ብላህ አታውቅም?»

«በየቀኑ ነበር የምትጮህብኝ። ግን ቆጠራው እንደዚህ ነው፣ ቴልማ።»

«እንግዲያው እናትህ እንግሊዝኛ አትችልም በለኛ።»

ቀይ እስክሪብቶ አንስታ አንደኛውን መስመር ሰረዘችው። እውነቱን ለመናገር፣ ያንገበገባት ጋዜጣው ብቻ አልነበረም። ባሏ አርማንድ ወድቆ ደረጃ መውጣት ካቃተው ወዲህ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ ሶፋው ጀርባውን እያቆሰለው ነውና የሆስፒታል አልጋ እናምጣ ትላለች። ቴልማ እምቢ ብላለች። ያ ብረት ሳሎኗ ከገባ አርማንድ ፎቅ ወዳለው መኝታቸው የሚመለስ አልመስል ብሏታል። እሱ ግን ቁስሉን ችሎ፣ ደህና ነኝ ይላታል፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድዳታል።

«ይሄን ለምን ሰረዝሽው?» አለ ኩርቲስ።

«ለተማሪ ምን ይሠራለታል?»

«ሰው ቢታመምበትስ? አልጋውን ምን ብሎ ይጠይቅለት?»

ይሄ ቆጠራ እንጂ ሌላ የማያውቅ ልጅ፣ ስለ አርማንድ ምንም ሳይሰማ፣ ልክ ነበር። በገዛ ንዴቷ ተናደደች። የሰረዘችውን መለሰችው፤ አሥራ ሁለተኛውን አውጥታ በቦታው ማንጠፍን ስታስገባ ኩርቲስም አልከለከላትም።

ከዚያ ስልኩን አንስታ ነርሷ ጋ ደወለች።

«አምጡት» አለቻት።

«ጎሽ፣ ወይዘሮ ብሪስቧ። ነገ ጠዋት ይደርሳል። ቦታ እንዲኖረው ሶፋውን አልጋውን የሚያመጡት ልጆች ያውጡልዎት?»

«አይነካ። አልጋው አጠገብ ይሁን፤ ሶፋው ላይ እኔ ነኝ የምተኛው።»